የመኪናችሁ ነዳጅ መሙያ በየት በኩል ነው? ሰልፍ ከመያዛችሁ በፊት እወቁት

ቤንዚን ጠፍቶ ከተማው በሰልፍ የተጨናነቀበት ሰሞን ነበር። የባለቤቴ ወንድም ለሥራ ክፍለ ሀገር ሲወጣ መኪናውን ትቶልኝ ሄደ። ኒሳን ናት። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ የነዳሁት ቶዮታ ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ተነስቼ ማደያ ሄድኩ። ሁለት ሰልፍ አለ። አንዱ ማሽኖቹን በግራው አድርጎ ያልፋል፣ ሌላው በቀኙ። ዓይኔን ሳላሽ የለመድኩትን፣ ማሽኑ በግራዬ የሚሆንበትን ያዝኩ።

ከ3 ሰዓት ተኩል በኋላ ተራዬ ደረሰ። ሞተር አጠፋሁ፣ መስኮት አወረድኩ። ቀጂዋ የመቅጃውን ጎማ ይዛ መጣችና ቆም አለች።

«ጋሼ፣ መሙያው በዚያ በኩል ነው እኮ!»

ደግ ልጅ ናት፤ ጎማውን በኋላ መስታወቱ ላይ አሻግራ ሞከረች። አንድ ክንድ ያህል ቀረው። ከኋላዬ ያለው ክላክሱን ለቀቀው። ሌላው ወርዶ መጥቶ «ወይ ተቀዳ ወይ ውጣ!» አለኝ። አዙሬ ልግባ እንዳልል ወዲያም ወዲህም መኪና ነው። ወጣሁ። ጥግ ይዤ ቆሜ ስበሳጭ ዓይኔ የነዳጅ ጌጁ ላይ አረፈ። ከማደያ ማሽኗ ሥዕል አጠገብ የምስር ፍሬ የምታክል ቀስት አለች። ወደ ቀኝ ታመለክታለች። 3 ሰዓት ተኩል ሙሉ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ስታመለክተኝ ነበር።

ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ እንየው። መሙያው በየት በኩል እንደሆነ ማሽኑ ጋ ደርሶ ማወቅ ለማንም አይጠቅምም። ማወቅ ያለባችሁ ሰልፉ ጭራ ላይ ስትደርሱ ነው።

መጀመሪያ ቀስቷን ፈልጉ

ቁልፉን አዙሩ፤ ሞተሩ መነሳት የለበትም፣ ዳሽቦርዱ ይብራ እንጂ። የነዳጅ ጌጁን ተመልከቱ። የማደያ ማሽን የምትመስል ትንሽ ሥዕል አለች። ከጎኗ፣ አንዳንዴም ከበላይዋ ወይም ከበታችዋ፣ ባለሦስት ማዕዘን ቀስት ካለች ሥራው አለቀ። ወደ ግራ ካመለከተች መሙያው በግራ ነው፣ ወደ ቀኝ ካመለከተች በቀኝ። ግራና ቀኝ የምለው ሹፌር ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ ወደ ፊት ስታዩ ያለውን ነው። ከኋላ ቆሞ የሚያይና ውስጥ ተቀምጦ የሚያይ ሰው አንዳንዴ በዚህ ይጨቃጨቃሉ።

ፀሐይ ዳሽቦርዱ ላይ ካረፈ ቀስቷ አትታይም። በእጃችሁ ከልሉና እዩ። ስክሪን ባላቸው አዳዲስ መኪኖች ከነዳጁ መስመር አጠገብ ትገኛለች።

ቀስቷን ያመጣት ሰው ጂም ሞይላን ይባላል፤ የፎርድ መሐንዲስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1986 አንድ ዝናባማ ቀን የድርጅቱን መኪና ይዞ ስብሰባ ሲሄድ ነዳጅ ሊቀዳ ቆመ፤ በተሳሳተው በኩል። መኪናዋን እስኪያዞር ልብሱ በሰበሰ። ሲመለስ ዝም ብሎ አልተበሳጨም። መሙያው በየት በኩል እንዳለ ዳሽቦርዱ ላይ የምታሳይ ትንሽ ምልክት ይግባ ብሎ ለድርጅቱ ማስታወሻ ጻፈ። ሐሳቡ ተቀባይነት አገኘና እ.ኤ.አ. ከ1989 ሞዴል ጀምሮ የፎርድ መኪኖች ላይ ትታይ ጀመር። ከዚያ ሌሎቹም ወሰዱት። ሰውዬው የእኛን አገር ሰልፍ ቢይዝ ኖሮ ደግሞ ምን ይፈለስፍ ነበር እላለሁ።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ። «ሥዕሏ ላይ ጎማው በየት በኩል እንደተንጠለጠለ እይ፣ መሙያውም በዚያ በኩል ነው» የሚሉ ሰዎች አሉ። ውሸት ነው። ሥዕሏ አብዛኛውን ጊዜ ጎማዋን በቀኝ አድርጋ ነው የምትሳለው፣ መኪናው ምንም ይሁን ምን። የእኔ ቶዮታ ሥዕል ላይ ጎማው በቀኝ ነው፣ መሙያው ግን በግራ። የምትታመነው ቀስቷ ብቻ ናት።

ቀስት ከሌለስ?

የቆዩ መኪኖች ቀስት የላቸውም። የእነሱ መላ ይኸውላችሁ።

ቆማችሁ ከሆነ ውረዱና እዩ። ከሁሉም የሚሻለው ይኸው ነው፣ ሁለት ደቂቃም አይፈጅም። መኪናው የሰው ከሆነ ቁልፉን በተቀበላችሁበት ቦታ ዞር ዞር ብላችሁ እዩት። ጭረት ካለም በዚያው ታያላችሁ፤ ለሁለታችሁም ጥሩ ነው።

መንገድ ላይ ከሆናችሁ ትራፊክ ሲያቆማችሁ የጎን መስታወቶቹን ተመልከቱ። ከኋላ ጎማው በላይ ባለው ላሜራ ላይ የክብ ወይም የአራት ማዕዘን ጠርዝ የሚታይበት ጎን የመሙያው ነው። መስታወቱን ትንሽ ወደ ውስጥና ወደ ታች ካዘነበላችሁት ይታያል። ስትጨርሱ መመለሱን አትርሱ።

የማርሚታውን አቅጣጫ አይተው የሚገምቱም አሉ። የጭስ ማውጫው በቀኝ ከሆነ መሙያው በግራ ነው ይላሉ። ብዙ ጊዜ ይሠራል፤ ፋብሪካዎች የጋለውን ቧንቧና የነዳጁን ቱቦ ማራራቅ ይመርጣሉ። ሕግ ግን አይደለም። ሁለት ማርሚታ ያለው መኪናም አለ። ሌላ መላ ስታጡ ብቻ ተጠቀሙበት።

አንዴ ካወቃችሁ በኋላ በቁራጭ ፕላስተር ላይ «ግራ» ወይም «ቀኝ» ብላችሁ ጽፋችሁ ጌጁ አጠገብ ለጥፉ። አያምርም። ግን ቀስት ነው።

በጣም አሮጌዎቹ ደግሞ የራሳቸው ጸባይ አላቸው። የድሮዋ ቮልስ ሞተሯ ከኋላ ስለሆነ ሳልባትዮዋ፣ ማለትም የነዳጅ ማጠራቀሚያዋ፣ ከፊት ነው። መሙያው የፊተኛው ክዳን ሥር ነበር፤ ነዳጅ ለመቅዳት ክዳኑ መከፈት ነበረበት። እ.ኤ.አ. ከ1968 ሞዴል ወዲህ ያሉት በስተቀኝ፣ ከፊት መስታወቱ ዝቅ ብሎ፣ ትንሽ መዝጊያ ወጣላቸው። ሰማያዊና ነጭ ሆና አዲስ አበባን ስታመላልስ የኖረችው ላዳ በቀኝ ከኋላ ነው። አንዳንድ የድሮ የአሜሪካ መኪኖች ከኋላ ታርጋው ሥር ደብቀውታል። ታርጋው ወደ ታች ይታጠፋል፣ ክዳኑ ከጀርባው ነው። የኢሱዙ ሹፌሮች ይህን ሁሉ ማንበብ አያስፈልጋቸውም፤ ሳልባትዮው ከጎን ተንጠልጥሎ ለሁሉም ይታያል።

በመኪናው ስም መገመት

የሚገርመው፣ በዚህ በኩል ይሁን የሚል የዓለም ስምምነት የለም። እያንዳንዱ ፋብሪካ የመሰለውን ያደርጋል። በደምሳሳው ግን አብዛኞቹ ቶዮታ፣ ሱዙኪ፣ ሆንዳ፣ ሃዩንዳይና ኪያ በግራ ናቸው። ቮልስዋገን፣ ቢኤምደብሊው፣ መርሴዲስ፣ ሱባሩና ብዙዎቹ ኒሳኖች በቀኝ ናቸው።

ለዚህ የሚሰጥ አንድ ማብራሪያ አለ። ነዳጅ መንገድ ላይ አልቆባችሁ በጄሪካን ስትቀዱ መሙያው በእግረኛው መንገድ በኩል ቢሆን ይሻላል፤ መኪና አይገጫችሁም። ጃፓኖች በግራ ስለሚነዱ የዳር መንገዱ በግራቸው ነው፤ መሙያውም በግራ። ጀርመኖች በቀኝ ስለሚነዱ መሙያው በቀኝ። ደስ የሚል ማብራሪያ ነው፣ ግን ሃዩንዳይ ያፈርሰዋል። ኮሪያዎች በቀኝ ይነዳሉ፣ መሙያቸው ግን በግራ ነው። ሱባሩና ኒሳንም የጃፓን ሆነው በቀኝ ናቸው። እኔንም የበላኝ «የጃፓን መኪና በግራ ነው» የሚለው ግምት ነው። ግምት ለወሬ ይሁን፤ ለሰልፍ ቀስቷን እመኑ።

መሪያቸው የተቀየረ መኪኖችን በተመለከተ ደጋግመው የሚጠይቁኝ አሉ። መሪው ከቀኝ ወደ ግራ ሲዞር ሳልባትዮው አብሮ አይዞርም። መሙያው ፋብሪካው ባስቀመጠው በኩል ይቆያል። ችግሩ ሌላ ነው፤ የመሙያው መክፈቻ እጀታ አንዳንዴ በድሮው ሹፌር ቦታ ይቀራል። እንዲህ ያለች አንዲት መኪና ውስጥ ከወንበሬ ሥር ስዳብስ ቆይቼ በመጨረሻ እጀታው ከጎኔ ከተቀመጠው ሰው እግር አጠገብ ተገኘ። ስለዚህ መሪው የተቀየረ መኪና ከገዛችሁ በቀኙ ወንበር ሥርም ፈልጉ።

አከፋፈቱ

መኪናው ሁለት መዝጊያ አለው። የውጭው ላሜራ መዝጊያና የውስጡ የሚዞር ክዳን።

የውጭው በሦስት ዓይነት መንገድ ይከፈታል። በጃፓን መኪኖች ብዙ ጊዜ ከሹፌሩ ወንበር አጠገብ ወለሉ ላይ፣ ወይም ከመሪው በታች፣ የማሽን ሥዕል ያለበት ትንሽ እጀታ አለ። ወደ ላይ ስትስቡት ከኋላ «ጠቅ» ይላል። አጠገቡ ሌላ እጀታ ካለ የኋላ ሻንጣውን የሚከፍተው ነው፤ ሥዕሉን አይታችሁ ሳቡ። በብዙ የአውሮፓ መኪኖች ደግሞ ምንም እጀታ የለም። መዝጊያውን በጣታችሁ ጫን ስትሉት ራሱ ይወጣል። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይታለላል፦ ይህ ዓይነቱ መዝጊያ ከበሮቹ ጋር አብሮ ይቆለፋል። ሹፌሩ ውስጥ ሆኖ በሮቹን ከቆለፈ በአንዳንዶቹ ቀጂው ቢጫነው አይከፈትም። በሮቹን ክፈቱ፣ ከዚያ ይጫን። ሦስተኛው በቁልፍ የሚከፈት ነው፤ አሮጌ መኪኖች ላይ ይበዛል።

እጀታውን ስባችሁ መዝጊያው እምቢ ካለ በካቻቪቴ አትፈልቅቁት። ቀለሙ ይላጣል፣ ላሜራው ይጎብጣል፣ ችግሩም አይፈታም። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የገመዱ መላላት ወይም የመዝጊያዋ ስፕሪንግ መድከም ነው። ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ ውስጥ እጀታውን ስቦ ይያዝ፤ አይልቀቀው። ሌላው በመዳፉ መዝጊያውን ቀስ አድርጎ ይምታ። መምታቱ ምላሱን ያላቅቀዋል፤ በጥፍር ሳብ ሲደረግ ይከፈታል። በዚህም ካልሆነ የኋላ ሻንጣውን ክፈቱና በመሙያው በኩል ያለውን የጨርቅ ሽፋን ገለጥ አድርጉ። አንዳንድ መኪኖች እዚያ ውስጥ በእጅ የሚሳብ ገመድ አላቸው። ከዚያ ወደ መካኒክ ሂዱ፤ ነገ ሰልፍ ላይ አይደገም።

የውስጡን ክዳን ስትከፍቱ «ሽሽሽ» ካለ አትደንግጡ፤ የታመቀ ትነት ነው። ክዳኑን በክሩ አንጠልጥሉት፣ ወይም መዝጊያው ላይ ማስቀመጫ ካለው እዚያ ስኩት። ጣራ ላይ አታስቀምጡ። ስንት ክዳን በዚህ ምክንያት አስፋልት ላይ ቀርቷል! ስትዘጉ «ጠቅ ጠቅ» እስኪል አዙሩ። ላልቶ ከቀረ አዳዲስ መኪኖች ላይ የሞተር መብራት ይበራል፣ እናንተም ያለ ጥፋቱ መካኒክ ጋ ትሄዳላችሁ።

ማሽኑ ጋ አቋቋም

መሙያው በግራ ከሆነ ማሽኑ በግራችሁ፣ በቀኝ ከሆነ በቀኛችሁ ይሁን። ሰልፉ ጭራ ላይ ስትደርሱ የትኛው መስመር ወደየት እንደሚገባ አይታችሁ ያዙ። መስመሩ አንድ ብቻ ከሆነ ወርዳችሁ ቀጂውን «ጎማው ይሻገራል?» ብላችሁ ጠይቁ። እንደ እኔ ከ3 ሰዓት ተኩል በኋላ ሳይሆን አሁኑኑ።

ሲደርሳችሁ የኋላ ጎማችሁ ከማሽኑ ትይዩ እንዲሆን አድርጋችሁ ቁሙ። ከማሽኑ ግማሽ ሜትር ያህል ራቁ፤ በር እንዲከፈት።

የመቅጃው ጎማ የሚሻገር ከሆነ ግን ተጠጉ፤ ርዝመቱን በባዶ ቦታ አትፍጁት። ትንሽም ወደ ፊት እለፉ፣ ጎማው በጣራ ሳይሆን በኋላ ክዳኑ በኩል እንዲዞር። አጭር ጀርባ ላላት የቤት መኪና ይህ ይሆናል፤ ለረጃጅሞቹ ብዙ ጊዜ አይሆንም። ጎማው በሚያርፍበት ላይ ጨርቅ ጣል አድርጉ። አሸዋ የያዘ ጎማ ቀለም ይጭራል፣ የተንጠባጠበ ቤንዚንም ቀለም ያበላሻል። ጎማው ተወጥሮ ጫፉ ከተጣመመ ይቅር፤ በየሰኮንዱ ራሱን እያጠፋ ይበጠብጣችኋል።

ሊትር ከመጠየቃችሁ በፊት የነዳጁን ዓይነት ተናገሩ። «ቤንዚን» ወይም «ናፍጣ» በሉ፣ ቀጂው ያውቃል ብላችሁ አትተዉት። የውጭው መዝጊያ ከውስጥ በኩል ብዙ ጊዜ ተጽፎበታል። የቤንዚን መቅጃ አፍ ከናፍጣው ስለሚቀጥን ናፍጣ መኪና ውስጥ ያለ ችግር ይገባል። ስህተት ከተቀዳ ሞተሩን አታስነሱ። ቁልፉንም አታዙሩ፤ ፓምፑ ነዳጁን ወደ ሞተር መላክ ይጀምራል። ገፍታችሁ ዳር አውጡና መካኒክ ጠርታችሁ ሳልባትዮው ይገልበጥ። ወጪ ነው፣ ግን ከሞተር ጥገና ያንሳል።

ፉል ስታስደርጉ ማሽኑ ራሱ ጠቅ ብሎ ሲያቆም ይብቃ። «ትንሽ ልጨምርበት» ተብሎ እስከ አፉ ሲሞላ ትነቱን የሚይዘው የከሰል ማጣሪያ ውስጥ ቤንዚን ይገባል፣ ይበላሻልም። ክፍያው ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በስልክ ስለሆነ ተራችሁ ሳይደርስ ሂሳባችሁን እዩ። ኔትወርክ ሲጠፋ ክላክሱ ለእናንተ ነው።

ቻርጅ የሚደረግ መኪናም ጎን አለው

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ጥያቄው መልኩን ቀየረ እንጂ አልጠፋም። የቻርጅ ገመድ ከነዳጅ ጎማ ይልቅ ወፍራምና ግትር ነው፤ በጣራ አይሻገርም። የቮልስዋገን አይዲ ፎር መሰኪያው በቀኝ ከኋላ ነው፤ ስለዚህ ብዙ ጊዜ ወደ ኋላ ገብታችሁ መቆም ይሻላል። ቢዋይዲ ዶልፊን በቀኝ ከፊት ነው። የቀድሞዎቹ ኒሳን ሊፎች አፍንጫቸው ላይ። ግቢያችሁ ውስጥ ማስገጠም ካሰባችሁ ኤሌክትሪሻኑን ከመጥራታችሁ በፊት መኪናውን እንደሚያድርበት አቁሙትና መሰኪያው የሚያርፍበትን ግድግዳ በጠመኔ ምልክት አድርጉ። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ መኪና ልትገዙ ከሆነ ደግሞ ገመዱ ረዘም ያለ ይሁን።

በውጭ አገር መኪና ስትከራዩ

አሜሪካ ደርሳችሁ መኪና ከተከራያችሁ ቀጂ አትጠብቁ። ከኒው ጀርሲ በቀር ብዙ ጊዜ የምትቀዱት ራሳችሁ ናችሁ፤ ኒው ጀርሲ ውስጥ በሕግ ሠራተኛ ነው የሚቀዳው። መኪናውን ተረክባችሁ ከማቆሚያው ሳትወጡ ሦስት ነገር እዩ፦ ቀስቷን፣ መክፈቻውን፣ መዝጊያው ላይ የተጻፈውን የነዳጅ ዓይነት። የጌጁን ፎቶ በስልክ አንሱ። ቀስቷም የነዳጁ መጠንም በአንድ ፎቶ ይገባሉ፤ ስትመልሱ ክርክር ከተነሳ ይጠቅማችኋል። አሜሪካ ውስጥ ጥቁሩ እጀታ ብዙ ጊዜ ቤንዚን፣ አረንጓዴው ናፍጣ ነው፤ አንዳንድ ማደያ ግን ቀለሙን እንዳሻው ያደርጋል፣ ስለዚህ ጽሑፉን አንብቡ።

መኪና ስታውሱም እንዲሁ ነው። ቁልፍ ስትሰጡ ከጎኑ ሦስት ቃል ጨምሩ፦ በየት በኩል፣ በምን ይከፈታል፣ ቤንዚን ነው ናፍጣ። የባለቤቴ ወንድም አሁን ቁልፉን ሲያቀብለኝ ሰላምታውን ሳይጨርስ «ቀኝ ነው» ይላል። ከዚያ ይስቃል።